ቋጥኙ ስንት ኩንታል ነው? ከማንቀሳቀስ በፊት ክብደቱን የመገመቻ ዝርዝር መመሪያ

ትልልቅ ቋጥኝ አስቀምጦ ዙሪያውን አረንጓዴ መትከል አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ሆኗል። በሆቴል መግቢያ፣ በመናፈሻ፣ በመኖሪያ ግቢ እናየዋለን። ያምራል። ግን ቋጥኙ እዚያ ከመቀመጡ በፊት አንድ ሰው “ይሄ ስንት ይመዝናል?” ብሎ መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ጥያቄው አይጠየቅም። ቢጠየቅም አንዱ ከሩቅ አየት አድርጎ “አሥር ኩንታል ቢሆን ነው” ይልና ነገሩ ያበቃል።

በዚያች ግምት መኪና ይጠራል። ማሽን ይከራያል። የቀን ሠራተኛ ከድንጋዩ ሥር እጁን ይከታል። ግምቱ ከተሳሳተ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው፤ መኪናውና ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን አደጋ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ሥራ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስለዚህ በግምት ሳይሆን በልኬት እንሥራ።

ዓይን ለምን ይሳሳታል?

ድንጋይ ሲያድግ በሦስት አቅጣጫ ነው የሚያድገው። በርዝመት፣ በወርድ፣ በቁመት። ዓይናችን ግን አንዱን አቅጣጫ ብቻ አይቶ ይፈርዳል።

ክብ የሆነ ጥቁር ድንጋይ እንውሰድ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ሜትር ከሆነ 1.8 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። 75 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 6 ኩንታል ይደርሳል። አንድ ሜትር ሲሞላ 15 ኩንታል ነው። አንድ ሜትር ተኩል ሲሆን 50 ኩንታል ይሆናል። ሁለት ሜትር ከሆነ 117 ኩንታል ነው።

የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን አስተያዩ። ስፋቱ እጥፍ ሆነ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ። “ከትናንትናው ትንሽ ተለቅ ይላል” የተባለው ድንጋይ ማሽን የሚገለብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ሜትር፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ አካፋ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች፣ ውኃ ልክ፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ እና የስልክ ካልኩሌተር። ዲጂኖ፣ ማለትም ድንጋይ መፈንቀያ ረዥም የብረት ዘንግ፣ ካለ በኋላ ይጠቅመናል።

ደረጃ 1፦ የተቀበረውን ክፍል ማግኘት

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ከመሬት በላይ የሚታየው ድንጋይ ሙሉው ድንጋይ አይደለም። በተለይ ከእርሻ መሬት ወይም ከተዳፋት ላይ የሚነሳ ቋጥኝ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ አፈር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን በፌሮው ውጉት። ከድንጋዩ ጠርዝ አንድ ስንዝር ራቅ ብላችሁ ጀምሩ። ፌሮው ድንጋይ ካገኘ ቋጥኙ ከሥር እየሰፋ ነው ማለት ነው። እንደገና ራቁና ውጉ። ፌሮው ሳይነካ የሚሰምጥበትን ቦታ በጠመኔ ወይም በትንሽ ጠጠር ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹን ስታገናኟቸው የድንጋዩ እውነተኛ ወርድና ርዝመት ይታያችኋል።

ጥልቀቱን ለማወቅ ግን መቆፈር ይሻላል። በአንድ ወገን ብቻ ግርጌው እስኪታይ ድረስ ቆፍሩ። ቦታው ተዳፋት ከሆነ በታችኛው ወገን በፍጹም አትቆፍሩ። ድንጋዩ ከቦታው ሊነሳና ሊንከባለል ይችላል። በላይኛው ወይም በጎኑ ቆፍሩ። ከሥሩ ገብታችሁ አፈሩን አትፈልፍሉ። የሚንቀሳቀስ ከመሰላችሁ መጀመሪያ በሽብልቅ ወይም በትልቅ ድንጋይ አስደግፉት።

ወደ ሥር በወረዳችሁ ቁጥር ድንጋዩ እየሰፋ ከሄደና ማለቂያ ካጣ፣ የያዛችሁት ቋጥኝ ሳይሆን አለት ሊሆን ይችላል። ከመሬቱ ጋር አንድ ነው ማለት ነው። እሱን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ መለካት

በሜትር የድንጋዩን ገጽ እየተከተላችሁ አትለኩ። ሜትሩ ጎባጣውን እየተከተለ ልኩን ያስረዝመዋል። የምንፈልገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ቀጥታ ርቀት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። አንዱን ጣውላ በድንጋዩ አንድ ጫፍ ላይ አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ሌላውን በተቃራኒው ጫፍ አቁሙት። ሁለቱም እንዳላጋደሉ በውኃ ልክ አረጋግጡ። ከዚያ በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ይህ ርዝመቱ ነው። ዘጠና ዲግሪ ዞራችሁ በተመሳሳይ መንገድ ወርዱን ለኩ። ለቁመቱ አንዱን ጣውላ ከድንጋዩ አናት ላይ አጋድማችሁ በውኃ ልክ አስተካክሉ። ከጣውላው ሥር እስከ ድንጋዩ ግርጌ ድረስ ወደ ታች ለኩ። ግርጌው ጉድጓዱ ውስጥ ከሆነ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ውረዱ።

ቁጥሮቹን ጻፏቸው። “በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ” አይሠራም። የእያንዳንዱ ልኬት ስህተት ይደመራል ብቻ ሳይሆን ይባዛል። ሦስቱንም ልኬት 10 በመቶ ብታሳንሱ፣ የድንጋዩን ይዘት ሩብ ያህል አሳንሳችኋል። 10 በመቶ ብታስበልጡ ደግሞ 33 በመቶ ይጨምራል።

እስከ መጨረሻው አብሮን የሚሄድ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ርዝመቱ 1.6 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከመሬት በላይ የሚታየው ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሲቆፈር ግን 90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

1.6 × 1.2 × 0.9 = 1.73 ሜትር ኩብ።

ይህ ድንጋዩ ልክ የሚገባበት ሳጥን ይዘት ነው። ድንጋዩ ግን ሳጥን አይደለም።

ደረጃ 3፦ የቅርጹን ቅናሽ መቀነስ

ድንጋዩ ሳጥኑን ምን ያህል ይሞላዋል? ይህን በአንድ ቁጥር እንገልጸዋለን። ሙሉ በሙሉ የሚሞላው ከሆነ ቁጥሩ 1 ነው።

ወንዝ ያንከባለለው፣ እንደ እንቁላል የተለሰለሰ ድንጋይ የሳጥኑን 0.52 ብቻ ይሞላል። ከላይ ክብ ሆኖ ከሥር ጠፍጣፋ የሆነም ያው 0.52 ነው፤ በሒሳብ አንድ ናቸው። ማዕዘኑ የተሸራረፈ፣ የተለመደው ዓይነት ቋጥኝ ከ0.6 እስከ 0.65 ይይዛል። ከካባ (ድንጋይ ተፈንቅሎ ከሚወጣበት ቦታ) ገና የተፈነቀለ፣ ጠርዙ ስለታም የሆነ 0.7 ወይም 0.8 ይደርሳል። ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ድንጋይ 0.85 እና ከዚያ በላይ ነው። ወደ ላይ የሾጠጠ ከሆነ 0.4 ይዛችሁ ሂዱ። ከሁለት ቅርጽ መካከል ከዋለላችሁ ትልቁን ቁጥር ምረጡ።

ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ለማየት አክሱምን እንመልከት። መሬት ላይ ተሰባብሮ የወደቀው ትልቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ነው። ግርጌው 3.84 በ2.35 ሜትር ነው። ሦስቱን ስናባዛ 298 ሜትር ኩብ እናገኛለን። የድንጋዩ ዓይነት በሜትር ኩብ 2.6 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ሳጥን ቢሆን ኖሮ 775 ቶን ገደማ ይሆን ነበር። የሚታወቀው ክብደቱ ግን 520 ቶን አካባቢ ነው። ይህም የሳጥኑ 0.67 መሆኑ ነው። ሐውልቱ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሳጥኑን አይሞላም። ግቢያችሁ ያለውን ቋጥኝም የምታሰሉት በዚሁ ሒሳብ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ሰው ወርዱን በሦስት ቦታ ለክቶ አማካይ ይወስዳል። ቁመቱንም ርዝመቱንም እንደዚያው። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን አማካይ ከወሰዳችሁ የቅርጹን ቅናሽ እንደገና አትቀንሱ። አማካዩ ራሱ ቀንሶላችኋል። ሁለቴ መቀነስ ድንጋዩን በወረቀት ላይ ግማሽ ያደርገዋል፣ መሬት ላይ ግን ያው ነው።

የእኛ ድንጋይ ማዕዘኑ የተሸራረፈ ስለሆነ 0.6 እንውሰድ። 1.73 × 0.6 = 1.04 ሜትር ኩብ።

ደረጃ 4፦ የድንጋዩን ዓይነት ማወቅ

አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ኩንታል ነው። ድንጋይ ከዚህ ስንት እጥፍ ይከብዳል? አዲስ አበባና ዙሪያዋ በብዛት የምናገኘው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ በሜትር ኩብ ከ27 እስከ 30 ኩንታል ይመዝናል። 28 ብላችሁ ብትይዙ ደህና ነው። የአረፋ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ከ22 እስከ 25 ይወርዳል። ሐረርና ባቢሌ አካባቢ በብዛት ያለው ግራናይት ከ26 እስከ 27 ነው። እብነ በረድ 27 ነው። የኖራ ድንጋይ ከ23 እስከ 27 ይለያያል። የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ከ20 እስከ 24 ባለው ውስጥ ይገኛል። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረው ኢግኒምብራይት ከ15 እስከ 23 ይደርሳል፤ ከአንዱ ካባ ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። ቀይ አሽ ከሆነ 15 እንኳ አይሞላም፣ ብዙ ጊዜ 10 አካባቢ ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ በላንድስኬፕ ሥራ የተሰማራችሁ ደግሞ ባዛልቱን በኪዩቢክ ፉት 175 ፓውንድ፣ ግራናይቱን ከ165 እስከ 170 ፓውንድ አድርጋችሁ አስሉ።

እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው በባልዲ ውኃ ሊፈትነው ይችላል። ከዚያው ድንጋይ የወጣ፣ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚሆን ቁራጭ ፈልጉ። በሲባጎ አስራችሁ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኑት። ከዚያ እንደተንጠለጠለ ውኃ ውስጥ አስገቡት። ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ የባልዲውን ግድግዳም ሥሩንም አይንካ። እንደገና አንብቡ። በአየር 3.40 ኪሎ፣ በውኃ ውስጥ 2.18 ኪሎ ቢሆን ልዩነቱ 1.22 ነው። 3.40ን ለ1.22 አካፍሉ። 2.79 ይመጣል። ድንጋዩ በሜትር ኩብ 27.9 ኩንታል ነው ማለት ነው።

ቁራጩን ከየት እንደምትወስዱ ተጠንቀቁ። ጥቁር ድንጋይ ዕድሜ ሲጠግብ ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይወድቃል። ያ ቡናማ ልጣጭ ቀሎ ይገኛል፤ ውስጡ ግን ጥቅጥቅ እንዳለ ነው። ስለዚህ በመዶሻ መትታችሁ ጥቁር ሰማያዊ የሚመስለውን ውስጡን ካላገኛችሁ ልኬቱ ያታልላችኋል። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ቁራጩን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዚያ መዝኑት። ክረምት ላይ የሚጓጓዝ ድንጋይ ውኃ ጠጥቶ ነው የሚጓጓዘው። የይዘቱ አምስተኛው ቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ሲጠግብ በሜትር ኩብ 2 ኩንታል ይጨምራል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። በጥቁር ድንጋይና በግራናይት መካከል ያለው ልዩነት አምስት በመቶ ገደማ ነው። ደረጃ 1ን የዘለለ ሰው ግን አርባ በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ጊዜ ካጠራችሁ ባልዲውን ተዉት፣ አካፋውን አትተዉ።

ደረጃ 5፦ ማባዛትና መጠባበቂያ መጨመር

1.04 × 28 = 29 ኩንታል።

ሳንቆፍር ብንለካው ኖሮ? 1.6 × 1.2 × 0.55 × 0.6 × 28 = 18 ኩንታል ነበር የሚመጣው። 11 ኩንታል አፈር ውስጥ ተደብቆ ነበር።

29ኙም የመጨረሻው ቁጥር አይደለም። ዙሪያውን ያያችሁትና ዓይነቱን የምታውቁት ድንጋይ ከሆነ 20 በመቶ ጨምሩ። ግርጌውን ያላያችሁት ከሆነ ከ30 እስከ 40 በመቶ ጨምሩ። የእኛ ድንጋይ 29 ሲደመር 20 በመቶ፣ 35 ኩንታል ይሆናል። ከዚህ በኋላ ማንኛውንም ማሽን የምንመርጠው በ35 ነው።

በሌላ መንገድ ማመሳከር

በሁለት የተለያየ መንገድ የተገኘ ተመሳሳይ ቁጥር ልብን ያሳርፋል። ሁለት ዘዴ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የሲባጎ ነው። ካባ ላይ ጠንካራ መሬት ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ሲባጎ ለሚያሳልፍ ድንጋይ ይሆናል። ዙሪያውን በሦስት አቅጣጫ ለኩ፦ በወገቡ ዙሪያ፣ በርዝመቱ ከላይ ወደ ታች፣ በወርዱ ከላይ ወደ ታች። ሦስቱን በሜትር አባዙና ለ60 አካፍሉ። የሚመጣው በሜትር ኩብ የድንጋዩ ይዘት ነው። ለምሳሌ 4.5 × 4.1 × 3.4 = 62.7፤ ለ60 ሲካፈል 1.05 ሜትር ኩብ። በ28 ሲባዛ 29 ኩንታል። ለክብ ድንጋይ በጣም ቅርብ ነው። ድንጋዩ ረዥም በሆነ ቁጥር ከእውነቱ ትንሽ አብልጦ ይነግራችኋል፤ ያ ደግሞ ለደህንነት የሚበጅ ስህተት ነው።

ሁለተኛው የዲጂኖ ነው፣ እኔ ይበልጥ የምወደው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ዲጂኖ ከድንጋዩ አንድ ጠርዝ ሥር አስገቡ። ከጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉለት። ከመደገፊያው ወዲህ የቀረው 140 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ እጀታው ላይ የጫናችሁት ኃይል ጫፉ ላይ 14 እጥፍ ይሆናል። የድንጋዩን አንድ ጠርዝ ብቻ ማንሳት ከሙሉ ክብደቱ ግማሽ ያህሉን ማንሳት ነው፣ ሌላው ግማሽ በተቃራኒው ጠርዝ መሬት ላይ ስላረፈ።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሙሉ ክብደቱን ቢጭን ጫፉ ላይ 980 ኪሎ ያነሳል። ጠርዙ ብድግ ካለ ድንጋዩ 20 ኩንታል ወይም ከዚያ በታች ነው። ፍንክች ካላለ ከዚያ በላይ ነው። የእኛ ድንጋይ ጠርዙን ለማንሳት 14.5 ኩንታል ስለሚፈልግ፣ አንድ ሰው አይችለውም፣ ሁለት ሰው ይችላል። የበለጠ ትክክለኛ ቁጥር ከፈለጋችሁ የቤት ሚዛን ላይ ቆማችሁ ዲጂኖውን ወደ ታች ግፉ። ሚዛኑ ከ70 ወደ 20 ሲወርድ ጠርዙ ቢነሳ፣ የጫናችሁት 50 ኪሎ ነው። 50 × 14 × 2 = 14 ኩንታል።

ይህ የሚሠራው ከአፈር ለተላቀቀ ድንጋይ ነው። ዲጂኖው ሊያመልጥ ስለሚችል አትሻገሩት፣ ፊታችሁንም ከበላዩ አታድርጉ። ጠርዙ ሲነሳ ሌላ ሰው በእጁ ሳይሆን በረዥም እንጨት ሽብልቅ ያስገባ።

ከአይፎን 12 ፕሮ ጀምሮ በፕሮ ስልኮች ላይ ያለው የሌዘር መለኪያም ይዘት የሚያሰላ አፕ አለው። ጥሩ ነው። ግን ስልኩ ያላየውን ግርጌ አይቆጥርም።

ደረጃ 6፦ ክብደቱን ከማንሻው ጋር ማገናኘት

በሰው ኃይል ከሆነ። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንላለን። ሎሚ ይከፋፈላል፣ ቋጥኝ ግን አይከፋፈልም። አንድ ሜትር ባልሞላ ድንጋይ ዙሪያ ስድስት ሰው ቢቆም ነው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በደህና የሚያነሳው 25 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ስድስት ሰው 1.5 ኩንታል። ከዚያ በላይ የሆነ ድንጋይ በባሬላ ወይም በእጅ አይነሳም። በዲጂኖ፣ በመንከባለያ ቱቦና በጣውላ ይገፋል፣ አለዚያ ማሽን ይጠራል።

በመኪና ከሆነ። የመኪናው ሊብሬ ላይ የመጫን አቅሙ ተጽፏል። ሹፌሩ “ይችላል፣ አትጨነቅ” ቢልም ሊብሬውን እዩ። 35 ኩንታል የሚል አይሱዙ ለእኛ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ነው፣ እኔ አልጭንበትም። ድንጋይ እንደ ሲሚንቶ ተዘርግቶ አይቀመጥም። ክብደቱ በሙሉ ሁለት ሦስት ነጥብ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ካሶኒው ወለል ላይ አሮጌ ጎማ ወይም ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ድንጋዩን ከኋላ አክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ወደፊት አስቀምጡት። ከኋላው ጫፍ ላይ ከሆነ የፊት ጎማ ይቀልና መሪ አይታዘዝም። ከዚያ በሽብልቅ አጥብቁት፣ በሰንሰለት እሰሩት።

በኤክስካቫተር ከሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። “ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተር” ማለት ማሽኑ ራሱ 20 ቶን ይመዝናል ማለት ነው እንጂ 20 ቶን ያነሳል ማለት አይደለም። የሚያነሳው ክንዱ በተዘረጋ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በመሄጃ ሰንሰለቱ አቅጣጫ ሲያነሳና በጎን ሲያነሳም ይለያያል። በጎን ያንሳል። የማንሳት አቅሙን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ኦፕሬተሩ ጋ ወይም ካቢኑ ውስጥ ይገኛል። የሠንጠረዡ ቁጥር ማሽኑን ከሚገለብጠው ጭነት 75 በመቶ፣ ወይም ከሃይድሮሊኩ አቅም 87 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ተወስዶ ነው የሚጻፈው። ያ ሁሉ ግን ለደረቅና ለደልዳላ መሬት ነው። ክረምት ላይ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) መሬት ላይ ለቆመ ማሽን ሠንጠረዡ ዋስትና አይሆንም። ሠንጠረዡ ያለ ማሽኑ መቆፈሪያ ባልዲ የተሰላ ከሆነም የባልዲውን ክብደት ቀንሱ።

ዋልካ ሌላም ጣጣ አለው። እርጥብ ሆኖ ድንጋዩን ጠርቆ ይይዘዋል። ማሽኑ በቀጥታ ወደ ላይ ቢጎትተው ከክብደቱ በላይ ይታገላል፣ ድንጋዩ ድንገት ሲላቀቅ ደግሞ ይወዛወዛል። መጀመሪያ በጎን ገፋ አድርጉት። አየር ይግባበት። ከዚያ አንሱት። የተጣበቀውን ጭቃም አራግፉ፣ እሱም ይመዝናል።

ማሰሪያው። ጨርቅ የማንሻ ቀበቶዎች በቀለም ይለያሉ፦ ሐምራዊ 1 ቶን፣ አረንጓዴ 2፣ ቢጫ 3፣ ግራጫ 4፣ ቀይ 5፣ ቡናማ 6፣ ሰማያዊ 8፣ ብርቱካናማ 10 ቶንና ከዚያ በላይ ነው። ከቀለሙ ይልቅ ቀበቶው ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ እመኑ። ጽሑፉ ከጠፋ ቀበቶውን አትጠቀሙበት።

ሁለት ቀበቶ 35 ኩንታል ሲያነሳ እያንዳንዱ 17.5 ይይዛል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ያ የሚሆነው ሁለቱም ቀጥ ብለው ሲወርዱ ብቻ ነው። ቀበቶው ከአግድሙ መስመር 60 ዲግሪ ካጋደለ እያንዳንዱ 20 ኩንታል ይሸከማል። 45 ዲግሪ ላይ 25 ይሆናል። 30 ዲግሪ ላይ እያንዳንዱ ቀበቶ ሙሉውን 35 ኩንታል ይሸከማል። ቀበቶው ድንጋዩን አንቆ ከታሰረ ደግሞ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ባለ 3 ቶኑ ቢጫ 24 ኩንታል ብቻ ይሆናል። በ60 ዲግሪ ያልፋል፣ በ45 ዲግሪ ግን አይበቃም። ቋጥኝ ሚዛኑ እኩል ስላልሆነ አንዱ ቀበቶ ከሌላው ይበልጥ መሸከሙ አይቀርም። ለዚህ ድንጋይ እኔ ረዘም ያለ ባለ 4 ቶን ግራጫ እመርጣለሁ። ስለታም ጠርዝ ላይ ጆንያ አጣጥፋችሁ ወይም የተቆረጠ ጎማ አድርጉ።

ክብደቱ ከአቅማችሁ በላይ ሆኖ ከተገኘ ድንጋዩን መሰንጠቅም አማራጭ ነው። በሽብልቅ የተሰነጠቀ ድንጋይ ቦታው ላይ መልሶ ሊገጠም ይችላል። ከሮም በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው የአክሱም ሐውልትም በሦስት ቁራጭ፣ በሦስት በረራ ነው የመጣው።

ደረጃ 7፦ አንድ ስንዝር ማንሳት

ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ድንጋዩን አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አድርጉና አቁሙ። ማንም አይጠጋ። ማሽኑን እዩት። የኋላው ሰንሰለት ከመሬት ለቋል? ክሬን ከሆነ እግሮቹ ወደ አፈሩ እየሰመጡ ነው? ቀበቶው ተንሸራቷል? ሞተሩ እያቃሰተ ነው? አንዱ እንኳ ከታየ አውርዱት። ክንዱን አሳጥሩ፣ ማሽኑን አስጠጉ ወይም ትልቅ ማሽን አምጡ። ሁሉም ደህና ከሆነ ድንጋዩን ዝቅ እንዳለ፣ ለመሬት ቅርብ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱት። ከበላይ የመብራት ሽቦ አለመኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። በድንጋዩና በመኪናው ወይም በግድግዳው መካከል ማንም ሰው እንዳይቆም። የሚወዛወዝ ድንጋይ በእጅ አይያዝም፣ በረዥም ገመድ ነው የሚገታው።

ሚዛን ካገኛችሁ መዝኑ

መንገዳችሁ ላይ የከባድ መኪና ሚዛን ካለ ባዶውን መኪና አስመዝኑ፣ ጭናችሁ ስትመለሱ እንደገና አስመዝኑ። ልዩነቱ የድንጋዩ እውነተኛ ክብደት ነው። ከግምታችሁ ጋር አስተያዩት። ከዚያው ካባ የሚወጣው ድንጋይ ሁሌ ከግምታችሁ በአሥር በመቶ ከከበደ፣ የቅርጹን ቁጥር ከ0.6 ወደ 0.66 ከፍ አድርጉት። ቁጥሩን ከካባው ስምና ከድንጋዩ ዓይነት ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። ለሚቀጥለው ድንጋይ ከዚህ ጽሑፍ ቁጥር ይልቅ የራሳችሁን ተጠቀሙ።